የኮች እናት ከላይኛው ረድፍ ሲወርዱ

ለካርቶን እጅ መንሳት የጀመርኩት በስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ማስረጃ ይዛ ትቀርብ ነበር። ግን ቢያንስ እጅ የምነሳቸው ሰዎች ጀርባ ነበራቸው።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሃያ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ዳውንታውን የነበረኝ ሥራ አብሮ ተዘጋ። ፖርተር ነበርኩ። ፖርተር ማለት አንዱ ሲጋራውን መሬት ላይ ጥሎ እንዳላየ ሲያልፍ፣ እሱም ሰውየውን እንዳላየ ሆኖ የሚጠርግ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባል ሰፈር ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ የልጅ ልጆቼ በኮምፒውተር ሲማሩ ከጀርባቸው በካናቴራ እያለፍኩ አስተማሪያቸውን ሳሳቅቅ ከረምኩ። ልጄ ሲመርራት ከቤተ ክርስቲያኗ አንዲት ሴት አገኘችልኝ፤ የጥበቃ ሠራተኞች ሱፐርቫይዘር ናት።

"ጋሼ፣ ቀላል ሥራ ነው" አለችኝ። "ባዶ ስታዲየም መጠበቅ ነው። ሰው የለም።"

"ሰው ከሌለ ከማን ነው የምጠብቀው?"

"እሱን አይጠይቁ፤ ዩኒፎርም ልስጥዎት።"

ሱሪው ለሁለት ሰው የተሰፋ ነበር። ሁለተኛው ሰው ሥራ አልገባም።

ስታዲየሙ የአንድ ኮሌጅ ነው። የሚጫወቱት ፉትቦል የሚሉትን በእጅ የሚይዙትን ኳስ ነው፤ ስለ ጨዋታው እስከ ዛሬ የገባኝ ነገር ቢኖር ሁሉም ሲወድቅ ፊሽካ እንደሚነፋ ነው። በዚያ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች መግባት ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ሰዎች ፎቶግራፋቸውን ይልካሉ፣ ኮሌጁ ከደረት በላይ ካርቶን ላይ አትሞ በወንበሮቹ ላይ ያቆማቸዋል። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉም ወደ ሜዳው ያያሉ፤ ሁሉም ይስቃሉ። ቡድኑ ሲሸነፍም ይስቃሉ። በልምምድ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ እንዲለምዱት ተብሎ የተቀዳ የሕዝብ ጩኸት በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። እዚያ ጩኸት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚያፏጭ አንድ ሰው አለ። ቀረጻው አልቆ እንደገና ሲጀምር እንደገና ያፏጫል። እኔም ምሳዬን እየበላሁ እጠብቀዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ጠዋት፣ ከማስኩ ሥር የሚወጣው ትንፋሼ መነጽሬን ጉም አለበሰው። ደረጃውን ስወጣ ሰዎች ተቀምጠው አየሁ። እኔ ባደግሁበት ቤት የተቀመጠ ሰው በዝምታ አይታለፍም። ስለዚህ ጎንበስ እያልኩ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ" እያልኩ ሦስት ረድፍ ጨረስኩ። አራተኛው ላይ መነጽሬን ጠረግሁት።

ብልህ ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ስመጣ ተቸገርኩ፤ ትናንት ሰላም ያልኩትን ሰው ዛሬ ዝም ብዬ ባልፈው ተኳረፍን ማለት ነው። እነዚያ ሁሉ ፊቶች እየሳቁ ይጠብቁኛል። ዙሪያዬን አየሁና ማንም አለመኖሩን ሳረጋግጥ ቆቤን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ።

ዋና አሰልጣኙን ሁሉም ኮች ነበር የሚለው፤ እኔም ኮች እለዋለሁ። ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሚሆነው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይለየው ሰው ነው። "አንተም" ከሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ገና ጎህ ሲቀድ ነድቶ ይመጣል፤ ከእሱ በፊት የምደርሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሻንጣና ወረቀት ይዞ ያልፋል፣ እጁን ያነሳልኛል፣ በቃ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት በብብቱ ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ይዞ መጣ።

"የላይኛውን በር ክፈትልኝ" አለኝ። ከፈትኩለት። አብረን ወጣን፤ እሱ ሁለት ሁለት ደረጃ፣ እኔ አንድ አንድ ደረጃና አንድ አንድ ጸሎት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ፣ አንሶላውን ገለጠ። ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ አሮጊት ናቸው። እንደ ሌሎቹ አይስቁም፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ።

"እናቴ ናት" አለ።

ሳላስበው ቆቤን አውልቄ እጅ ነሳሁ። ኮች አየኝ። ከዚያ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው ነገረኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ኖሯል። አንዱ አለቃ ሲባረር አብሮ እየተባረረ፣ ከከተማ ከተማ ሶፋውን እየጫነ፣ ቢሮ ወለል ላይ እየተኛ። ትዳሩም ከነዚያ ከተሞች በአንዱ ቀረ። እናቱ ግን የትም ቢሄድ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። "ከታች ሆነሽ ምን ይታይሻል? የወንዶች መቀመጫ" ይሉ ነበር አሉ። ዋና አሰልጣኝ የሚሆንበትን ቀን ጠበቁ። ይኸው ሆነ፤ የሆነው ደግሞ በሩ ለሰው ሁሉ በተዘጋበት ዓመት።

"ቡድኑን ስትመራ ሳያዩ?" አልኩት።

"ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሞተች" አለ።

ቀብራቸውን ጠየቅሁት። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በትውልድ ከተማቸው፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ የቀብር አስፈጻሚው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አንድ ልጃቸውን ይጠብቃል። አባትየው አጠገብ ነው የሚቀበሩት። እሱ ግን መሄድ አይችልም። በዚያ ወር ከከተማ የወጣ ሰው ሲመለስ ሁለት ሳምንት ተገልሎ ይቆያል። ከዚያም በላይ፣ ሥራ ሲጀምር ተጫዋቾቹን ሰብስቦ፣ የውድድሩ ጊዜ እስኪያልቅ ማንም ለምንም ነገር አይሄድም ብሎ ነበር። አንዱ ልጅ አያቱ ሞተው ልሂድ ሲለው ከልክሎታል።

"እሱን ከልክዬ እኔ ልሂድ?" አለኝ። "ለማንም እንዳትናገር። ልጆቹ ከሰሙ ሐሳባቸው ይበተናል።"

እናቱ የሞተችበት ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ጠፍቶ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሲዞር ዝም ብሎ ማየት ለእኔ ከበደኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ላይኛው ረድፍ ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ፤ ከእሱ ሁለት ወንበር ርቄ፣ ማስኬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረግሁ። በሁለተኛው ቀን "እግርህን ያምሃል እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸትም አልነበረም።

ቅዳሜ ቡድኑ ተሸነፈ። ሰኞ ጠዋት ሰላምታዬን እየሰጠሁ ላይ ስደርስ የኮች እናት አንድ ረድፍ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ቆጠርኩ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ምሰሶው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እኔ ባለፈው ወር የጥርስ ብሩሼን ፍሪጅ ውስጥ ያገኘሁ ሰው ነኝ።

ኮች ግን መጣና አየ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። በኋላ ሲዞር የሰውየው ፊት ደም የለውም፤ ወረቀቶቹን በእጁ ጨምድዷቸዋል።

"አንተ ነህ ያወረድካት?"

አይደለሁም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን እጅ አየሁት። እኔ ካላወረድኳቸው ማን አወረዳቸው ወደሚለው ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እሱም እኔም የምንሄድበት የለንም።

"አዎ" አልኩት። "በእኛ አገር ደንብ ነው። ልጅ ሟች እናቱ ዘንድ መሄድ ካልቻለ፣ እሳቸው ቀስ እያሉ ወደ እሱ ይመጣሉ።"

የአገሬ ሰው ይቅር ይበለኝ፤ በአንድ ትንፋሽ አንድ ሙሉ ባህል ፈጠርኩበት። ኮች አየር ሳበ። ትከሻው ወረደ። "ጥሩ ደንብ ነው" አለኝ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁ።

ቤቴ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሸት ሲያምር እንደ እኔ የሚያምርበት የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሌላ ሽንፈት ከመጣ በኋላ፣ ሦስት ረድፍ ወረዱ። ኮች ሲያይ አውራ ጣቱን አሳየኝ። እኔ ቆቤን አነሳሁ። በዚያው ቀን ከመሣሪያ ክፍሉ የፕላስቲክ ማሰሪያ ወስጄ፣ አንዴ ከጠበቀ በመቀስ ካልሆነ የማይፈታውን ዓይነት፣ ካርቶኑ ላይ በበሳሁት ቀዳዳና በወንበሩ ብረት አሳልፌ አጠበቅሁት። "እናቴ ይቅርታ፣ ለሥራ ነው" ብያቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማሰሪያው ወንበሩ ላይ አለ። አልተቆረጠም። እንዳጠበቅሁት ቀለበት ሆኖ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እሳቸው ሁለት ረድፍ ወርደው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሜዳውን ያያሉ። ሹራባቸው ላይ ያለው ቀዳዳም አልተቀደደም።

ሱፐርቫይዘሯን ጠራኋት። ሁሉንም አልነገርኳትም፤ አንድ ካርቶን ቦታ እየቀየረ ነው፣ ካሜራውን ቼክ አድርጊልኝ አልኳት። ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ከመኪናዋ አልወረደችም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ እንቅልፍ ይተኛሉ?"

"ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው የምትዪው?"

"አይቀልዱ። ካሜራው ላይ የሚታዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ሳወርዳቸው?"

"ሲወርዱ አይታይም። ወንበሩ ጋ ምሰሶው ይጋርዳል። እርስዎ ግን ይታያሉ። ቆብዎትን አውልቀው ቆመው ያወራሉ።"

"ሰላምታ ነው እኮ። ጤና ይስጥልኝ ነው።"

"ሩብ ሰዓት ሙሉ?" አለችኝ። "በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ጋሼ። ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ራስዎን ይነቀንቃሉ፣ ደግሞ ያወራሉ። ማን ምን እያለዎት ነው የሚነቀንቁት?"

እኔ የማስታውሰው አንድ ጤና ይስጥልኝ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አላስታውስም። ልስቅ ሞከርኩ፤ ማስኩ ውስጥ የሆነ ድምፅ ወጣ። ሱፐርቫይዘሯ "በኢየሱስ ስም" ብላ መስኮቱን ዘጋች። ሆኖም ከሥራ አላባረረችኝም፤ ምናልባት በእኔ ፈንታ እዚያ ደረጃ ላይ የሚወጣ ሰው እንደማታገኝ ገብቷታል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ወይ እኔ ነኝ፣ አእምሮዬም ሄዷል። ወይ እኔ አይደለሁም። ማታ ማታ ስተኛ የመጀመሪያው እንዲሆን እጸልይ ነበር።

ጨዋታዎቹ እያለቁ፣ ሽንፈቱ እየተደረደረ፣ አሮጊቷም እየቀረቡ መጡ። ከአሥረኛው ረድፍ በታች ሲደርሱ ኮች ራሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ጠራኝ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው መጥቶ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ካላሸነፈ እንደሚያሰናብተው ነግሮታል። ጨዋታው ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።

"ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅሁት ወንበር" አለ። "ቅዳሜን ካላሸነፍኩ አለቀ። ማንም ሁለተኛ አይሰጠኝም።" ከዚያ ወደ እናቱ አየ። "ደንባችሁ ላይ፣ ታች ስትደርስ ምንድን ነው የሚሆነው?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ውሸቴን ስሠራ ጣሪያውን ረስቼ ግድግዳውን ብቻ ነው ያቆምኩት። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ከዚያ ሁሉ ውሸት በኋላ አፌ ላይ የመጣው እውነተኛው ደንብ ሆነ።

"እናት ስትመጣ ልጅ ተቀምጦ አይጠብቅም" አልኩት። "ብድግ ይላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የሚሄዱበት ድረስ ያደርሳቸዋል።"

ወረቀቱን አጠፈ። እኔም ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩና የተናገርኩትን ማላመጥ ጀመርኩ። ሰውየው ቢሄድ ሥራው ሊሄድ ነው። በማን ምክር? ሱሪውን በገመድ በሚያስር ዘበኛ ምክር።

ዓርብ ጠዋት ከኮች በፊት ደረስኩ። ላይ መውጣት አላስፈለገኝም። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ አሰልጣኞች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ጀርባ፣ አጥሩ አጠገብ ናቸው። ነፋስ የለም። ድምፅ ማጉያው ገና አልተከፈተም። ከላይ እስከ ታች የነበሩት ሁሉ እየሳቁ ወደ ሜዳው ያያሉ። እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳውን አልነበረም የሚያዩት፤ ወደ በሩ ዞረዋል።

ኮች ገባ። ሜዳውን አቋርጦ አግዳሚው ላይ ጀርባውን ለእሳቸው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ አላያቸውም። ወረቀቱን ገለጠ። አንድ ገጽ አነበበ። ከዚያ አንገቱ ላይ የሆነ ነገር እንዳረፈበት ሰው ቀስ ብሎ ዞረ።

ብድግ አለ።

ጠዋት ልምምድ ሲጀመር ተጫዋቾቹን መሐል ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ሩቅ ስለነበርኩ አልሰማሁም። አንዱን ልጅ ነጥሎ ጠራው፤ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ብዙ ተናገረው። ያ አያቱ የሞቱበት ልጅ እንደሆነ የገባኝ፣ ልጁ የራስ ቁሩን አውልቆ መሬት ላይ ሲቀመጥ ነው። ከዚያ ኮች ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለአንዱ ረዳት ሰጠው።

ከሰዓት በኋላ እናቱን ለመውሰድ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሄደ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ወደ እኔ አየ፤ እኔም እጄን ከመዘርጋት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ፈገግ አለና ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ተከተልኩት። መኪናውን ጠዋት ፓርክ ሲያደርግ ቆልፎ ነበር፤ ሲቆልፍ የምትጮኸውን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁንም ለመክፈት ቁልፉን ሲጫን ሰማኋት።

እሳቸው ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ናቸው። ቀበቶው ታስሯል።

ኮች ትንሽ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ፣ ያን ዓመት ማንም ለማንም እጅ በማይሰጥበት ጊዜ፣ ሁለት እጄን ያዘ።

"ቀበቶውን ማሰርህ ደግ ነው" አለኝ። "ሁለት ቀን መንገድ ነው።"

"ምንም አይደል" አልኩት። "በሰላም ያግባችሁ።"

ሲወጡ ቆቤን አወለቅሁ። መኪናው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከኋላው መስኮት ሁለት ራስ ይታየኝ ነበር። ጎን ለጎን። ካርቶን ከኋላ ሲታይ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጠፍጣፋ ቡናማ ነው። ያ ራስ ነጭ ፀጉር ነበረው።

ቅዳሜ ቡድኑ አሸነፈ። ያለ እሱ። ልጆቹ ፊሽካውን ይዘው ሲዘሉ የተቀዳው ሕዝብ ይጮሃል፣ ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ያፏጫል፣ ካርቶኖቹ ይስቃሉ። ኃላፊው ግን ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ጥሎ የሄደን አሰልጣኝ አናቆይም ብሎ በሳምንቱ አሰናበተው። እኔም ሴንቴኒያል ሂልስ ቁጭ ብዬ፣ የሰውን የሃያ ዓመት ድካም የቀማሁት በምላሴ ነው እያልኩ፣ ለልጄ ሳልነግራት ብዙ ቀን ምግብ አልወርድ አለኝ።

በሁለት ሺህ ሃያ አንድ መኸር በሩ ተከፈተ፤ ካርቶኖቹ ተነስተው እውነተኛ ሰው ገባ። ጎንበስ ብዬ ሰላም ስላቸው ግማሾቹ መልስ አይሰጡኝም። ካርቶኖቹ ይሻሉ ነበር። አንድ ቀን የእረፍት ሰዓቴ ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮች ነው፤ ቁጥሬን ከሱፐርቫይዘሯ ለምኖ አግኝቷል። እናቱን አባቱ አጠገብ ቀብሯል። እዚያው ቀርቶ፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ የተማረበትን ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ያሠለጥናል። የተመልካች መቀመጫው አምስት ረድፍ እንጨት ብቻ ነው አለኝ። ባልሄድ ኖሮ፣ ቅዳሜን ባሸንፍም እንኳን የትም ቀና ብዬ አልሄድም ነበር አለኝ። ከዚያ በኋላ ምግብ በደንብ ይወርድልኝ ጀመር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "መኪናዬን እንዴት ነው የከፈትከው?"

ሱፐርቫይዘሯ አጠገቤ ቆማ ነበር። የዚያን ዓርብ የመኪና ማቆሚያው ካሜራ የቀረጸውን በኮምፒውተሯ አስቀምጣዋለች፤ ራሷ ለማየት ስለፈራች እኔ እንድመለከትላት ከአንድም ሦስት ጊዜ ለምናኛለች። አሁንም የሰማች ይመስል ኮምፒውተሯን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። ባዶ ማቆሚያ፣ የኮች መኪና ብቻዋን፣ ፀሐይ። ገና አልተጫወተም።

"በእኛ አገር ደንብ" አልኩት ኮችን፣ "ይህ አይነገርም።"

ሳቀ። ስልኩን ዘጋሁ። ሱፐርቫይዘሯ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

"ደምስሺው" አልኳት።

"ሳያዩት፣ ጋሼ?"

"ሳላየው።"

ደመሰሰችው። ከዚያ ቆቤን አድርጌ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣሁ፤ ጨዋታው ሊጀመር ነበር፣ ምሰሶው አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ደግሞ በየሳምንቱ ሰው የተቀመጠበት እየመሰለኝ ቆም ብዬ ነው የማልፈው።